የገበጣችን ማለቂያ

አሰላ የገባሁት በሺህ ዘጠኝ መቶ አርባዎቹ ማለቂያ ላይ፣ ባገባሁ በአራተኛ ወሬ ነው። ባለቤቴ ደብረ ብርሃን ሳለ ተራ ጸሐፊ ነበር፤ ወደ አሰላ ሲዛወር የመሬት መዝገብ እንዲይዝ ተደረገ። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ማንበብና መጻፍ አባቴ አስተምሮኛል፣ ፈትል እችላለሁ፣ ቤት መያዝም አያቅተኝም። የምኮራበት ግን ገበጣዬ ነበር። ከሁለት ታላላቅ ወንድሞቼ ጋር እየተጫወትኩ ነው ያደግኩት፤ ካሥር ዓመቴ በኋላ አሸንፈውኝ አያውቁም። ስዳር እናቴ ከጥሎሼ ጋር ያን የወይራ ገበጣ ጠቅልላ ጨመረችልኝ።

የተከራየነው ቤት ከከተማው ዳር፣ ወደ ጭላሎ ተራራ በሚያወጣው በኩል ነበር። የደረስነው በሐምሌ ነው። ጭጋጉ እስከ እኩለ ቀን አይገለጥም፤ ጭቃው ደግሞ ከደጃፍ አላስኬድ አለኝ። ባለቤቴ ጠዋት ይወጣል፣ ለምሳ ብቅ ይላል፣ ተመልሶ ይሄዳል። የማውቀው ሰው አልነበረም። አንዳንድ ቀን ድምፄን ለመስማት ብዬ ብቻ መዝሙረ ዳዊት ጮክ ብዬ አነብ ነበር።

ከአጥራችን ወዲያ ገብስ የሚያሳርሱ፣ ሁለት ላም ያሏቸው አንዲት የአርሲ ሴት ይኖሩ ነበር። ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ ይጠጋል። ባላቸው ሞተዋል፤ አንዲት ልጃቸውን ወደ ሳጉሬ ድረዋል፤ አንድ ወንድማቸው ጢቾ አካባቢ አለ። የሠፈሩ ሰው ሁሉ «አዮ» ይላቸዋል፤ በቋንቋቸው እናቴ እንደማለት ነው። እኔም አዮ አልኳቸው። ወተት በጮጮ ይዘውልኝ ይመጣሉ፤ አማርኛ እየተኮላተፉም ቢሆን ይናገራሉ። የሚያቅታቸውን በኦሮምኛ ይሞሉታል፤ እኔም እየቆየሁ ለመድኩት።

አንድ ቀን ባለቤቴ ሳነጋግራቸው ሰማና፣ ከሄዱ በኋላ፣ «አንቱ ትያታለሽ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። «ጭሰኛ እኮ ናት።»

«እናቴን ያህላሉ» አልኩት። በዚሁ ቀረ።

ገበጣዬን ያዩት ወተት ሊሰጡኝ በገቡበት ቀን ነው። ግድግዳው ላይ ሰቅዬው ነበር። ጮጮውን አስቀመጡና ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ነኩ።

«ትችያለሽ?» አሉኝ።

«እርስዎስ?»

መደቡ ላይ ተቀመጡ።

ለማያውቀው ሰው ጨዋታው እንዲህ ነው። ሁለት ረድፍ አለ፤ በየረድፉ ስድስት ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ አራት ጠጠር። አንዱ ረድፍ የኔ ነው፣ ሌላው የባላጋራዬ። ከረድፌ የአንዱን ጉድጓድ ጠጠር በሙሉ አነሣና ወደ ቀኝ እየዞርኩ በየጉድጓዱ አንዳንድ እጥላለሁ። የመጨረሻዋ ጠጠር የባላጋራዬን ጉድጓድ ሦስት ካደረገችው፣ ሦስቱን እበላለሁ። ብዙ የበላ ያሸንፋል። ይህን አዮም እንደኔው ያውቁታል። የተለያየነው ማለቂያው ላይ ነው።

በኛ ቤት ገበጣ የሚያልቀው የአንዱ ረድፍ ባዶ ሲሆን ነው። ያለቀበት አለቀበት፤ በሌላው ረድፍ የቀረውን ሁሉ ባለቤቱ ይሰበስባል። ስለዚህ ጠጠሩ ሲመነምን ብልሃቱ ቆጥቦ መያዝ ነው። ትልቁን ጉድጓድ አልነካም፤ በትንንሾቹ አንድ አንድ እየገፋሁ ባላጋራዬ ረድፉ ላይ ያለውን እስኪጨርስ እጠብቃለሁ። ወንድሞቼን የማሸንፋቸው በዚህ ነበር። አዮንም በመጀመሪያው ቀን እንዲሁ አደረግኳቸው። ረድፋቸው ባዶ ሆነ፤ እኔ የቀረኝን አሥራ አንድ ጠጠር አፈስኩ።

እጄን ያዙኝ። «ምን ማድረግሽ ነው?»

«ጨረስኩ።»

«አልጨረስሽም። እኔን አስራብሽኝ እንጂ።»

ሳቅ መጣብኝ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። በሳቸው አገር የባላጋራን ረድፍ ባዶ ማድረግ ነውር መሆኑን ነገሩኝ። አንደኛዋ ካለቀባት ሌላዋ ጠጠር ልታሻግርላት ግድ ነው፤ ጨዋታው ይቀጥላል። የሚያበቃው ሁለቱም መብላት ሲያቅታቸው ነው፤ ያን ጊዜ የቀረውን እኩል ይካፈላሉ።

«እንግዲያው በእርስዎ ይሁን» አልኳቸውና በማግሥቱ በሳቸው ማለቂያ ተጫወትን። ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት አላለቀም። መጨረሻ ላይ ሁለት ጠጠር ብቻ ቀርተው፣ አንዷ አንዷን እያሳደደች ትዞራለች። ባለቤቴ ለምሳ ሲገባ ወጡ አሯል።

«ይህ ደግሞ ማለቂያ የለውም» አልኳቸው ከሰዓት በኋላ።

«ምን አስቸኮለሽ?» አሉኝ። ቆይተው ግን፣ «ልክ ነሽ። ያደክማል» አሉ።

ያን ክረምትና የሚቀጥለውን በጋ የሁለታችንን ማለቂያ ስናስታርቅ ከረምን። እኔ በአማርኛ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» የሚባለውን ነገርኳቸው፤ ሁለት እንደሚያስታርቅ፣ ሦስት እንደሚያፋቅር። ወደዱት። እንግዲያው ሦስት ጊዜ ይሁን ተባባልን፤ ረድፏ ያለቀባትን ሦስት ጊዜ ማጉረስ ግድ ነው፤ ከሦስተኛው ጉርሻ በኋላ ካለቀባት ግን ያበቃል፤ የቀረው ለባለ ረድፉ ነው።

ቀላል መስሎን ነበር። እኔ ግን ወዲያው መላ አገኘሁለት። አንዲት ጠጠር ብቻ አጎርሳቸዋለሁ፤ እሳቸው ከጉድጓድ ጉድጓድ እየገፉ እየገፉ ሲሄዱ ተመልሳ እኔው ጋ ትመጣለች። ሦስቱንም ጉርሻ እንዲህ ጨርሼ የተረፈውን አፈስኩ።

አዮ ለረጅም ጊዜ ገበጣውን አዩ። «ይህ ጉርሻ አይደለም፤ ፍርፋሪ ነው» አሉ። ከዚያ፣ «ጉርሻ ከትልቁ ጉድጓድ ይሁን» አሉኝ።

ይህች አንዲት ቃል ጨዋታውን ገለበጠችው። ጠጠር ከበዛበት ጉድጓድ ማጉረስ ግድ ከሆነ፣ አከማችቶ መጠበቅ አያዋጣም። ያከማቸሁት በራሴ እጅ ተበትኖ ሲሳይ ይሆናል። ስለዚህ ገና ከመካከሉ ጀምሮ ጠጠር መያዝ ተውኩ። ጨዋታው ፈጠነ፣ ተከፈተ፤ ማሸነፍም እንደ ድሮው አልቀለለኝም። መጨረሻውን ስንለውጥ መካከሉም አብሮ ተለወጠ፤ ይህን አስቀድመን አላሰብነውም ነበር። ያ ማለቂያ እስኪጠራልን ድረስ ስንቴ እንዳፈረስነው፣ ስንቴ እንደተኳረፍን አላስታውስም። ስንኳረፍ አዮ ወተቱን ደጃፍ አስቀምጠው ይሄዳሉ፤ በማግሥቱ አዲስ ሐሳብ ይዘው ይገባሉ። በሌሊት አስቤው ነው ይሉኛል። ሁለታችንም ብቸኞች ነበርን። እኔ በዚያ ከተማ ሳቅ ያገኘሁት እዚያ መደብ ላይ ብቻ ነው።

ለጸሐፊዎቹ ሚስቶች ላስተምር ሞክሬ ነበር። አንደኛዋ፣ የባለቤቴ አለቃ ሚስት፣ «ይህ ጨዋታ ነው ወይስ ድግስ?» ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ ወዲያ ከሷ ጋር በድሮው ነው የተጫወትኩት።

በሁለተኛው ዓመት አዮ በጨርቅ የተጠቀለለ ወረቀት ይዘው መጡ። «የባሌ ነው። ምን ይላል?» አሉኝ። ከፍቼ አነበብኩላቸው። የባላቸው ስም፣ የመሬቱ አዋሳኝ በአራቱም ማዕዘን፣ ከግርጌው ማኅተም። መሬቱ የሳቸው መሆኑን የሚናገር ወረቀት ነበር፤ ባለቤቴ እንዳለው ጭሰኛ አልነበሩም።

«ደግ ወረቀት ነው» አልኳቸው። «ይጠብቁት።»

እንደገና ጠቀለሉት። ማንበቤ ደስ ብሏቸው፣ ባላቸው እንዴት ያለ ሰው እንደነበሩ፣ ወረቀቱን ለማግኘት ስንት ጊዜ ደጅ እንደጠኑ ሲያጫውቱኝ አረፈዱ።

ቃላድ፣ የመሬት መለኪያ ገመድ፣ የያዙ ሰዎች በኛ በኩል መታየት የጀመሩት በዚያ ዓመት ጥቅምት ነው። አዲስ አበባ የሚኖሩ አንድ ትልቅ ሰው በዚያ አካባቢ መሬት ተሰጥቷቸው ኖሮ፣ ልኩ እንዲወጣ ታዘዘ። አንድ ቀን ምሳ ስንበላ ባለቤቴ፣ እንደ ተራ ወሬ አድርጎ፣ ከአጥራችን ወዲያ ያለውም መሬት እንደሚገባበት ነገረኝ።

«የአዮ መሬት?»

«ባለቤቱ የሞተ ነው። ባለቤት የሌለው ጠፍ መሬት ተብሎ ተመዝግቧል። ይገባኛል የሚል ካለ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ይቅረብ ተብሏል።»

«ወረቀት እኮ አላቸው። እኔው ራሴ አንብቤዋለሁ።»

እጁ ከገበታው ላይ ቆመ። «ለማን ነው ያነበብሽው?»

«ለሳቸው።»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ። የፈረመበት አለቃው ነው። ማስታወቂያው በመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ያነበበ ይምጣ።

«እሳቸው ማንበብ አይችሉም።»

«እንግዲህ አስቢው» አለኝ። «ነገ ይህቺ ሴት ወረቀቷን ይዛ ብትመጣ፣ ማን ነገራት ይባላል? አጥር የምትጋራት የማን ሚስት ናት? እንጀራችን ነው። አንቺም ብቻሽን አይደለሽም።»

የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ አምስተኛ ወሬን ይዤ ነበር። ባለቤቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ በሕይወቱ እጁን አንሥቶብኝ አያውቅም። የፈራ ሰው ነበር። ፍርሃቱ ወደኔ ተጋባ።

በዚያ አሥራ አምስት ቀን ውስጥ አዮ ሰባት ጊዜ መጥተዋል። ቆጥሬያለሁ። ከመምጣታቸው በፊት ዛሬ እነግራቸዋለሁ እላለሁ። ገብተው ሲቀመጡ፣ ነጠላቸውን አውልቀው ጠጠር ሲደረድሩ፣ እኔም የራሴን ጠጠር እደረድራለሁ። አንድ ቀን በዘወርዋራ ሞከርኩ።

«ያን ወረቀት ለሚያውቅ ሰው ቢያሳዩት ደግ ነበር» አልኳቸው።

ጠጠር እየጣሉ ነበር፤ ቀና እንኳ አላሉም። «ላንቺ አሳይቼ የለ» አሉኝ።

ሌላ ጊዜ ወንድማቸው መቼ እንደሚመጣ ጠየቅኳቸው። ለእህል አጨዳ ይመጣል አሉኝ፤ አጨዳው ገና አንድ ወር ይቀረው ነበር። «ምነው?» ሲሉኝ፣ «እንዲያው» አልኩ።

አሥራ አምስተኛው ቀን ማክሰኞ ነበር። ጠዋት መጡ። ሁለት ጨዋታ ተጫወትን፤ ሁለቱንም አሸነፉኝ፤ ልቤ ከገበጣው ላይ አልነበረም። «ዛሬ ምን ሆነሻል? ልጁ እየረገጠሽ ነው?» ብለው ሆዴን ዳበሱኝ። ባለቤቴ ለምሳ ሲገባ ተነሥተው ሰላም ብለውት ወጡ። እኛ በላን። ከሰዓት በኋላ መሥሪያ ቤቱ እስኪዘጋ አራት ሰዓት ሙሉ ጊዜ ነበረኝ። አጥሩን ተሻግሬ አንዲት ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። ጥጥ ማባዘት ጀመርኩ፤ ያን ያህል ጥጥ በአንድ ቀን አባዝቼ አላውቅም።

ነገሩን ለአዮ የነገራቸው የአካባቢው ጭቃ ሹም ነው፣ ወደ ሁለት ሳምንት ቆይቶ። ገብሱን ካጨዱ በኋላ መሬቱን እንዲለቁ ተባሉ። ወረቀታቸውን ይዘው መሥሪያ ቤት ሄዱ። ከዚያ ሲመለሱ ወደ ቤታቸው አላለፉም፤ በኔ ደጅ ቆሙ። ይግቡ አልኳቸው፤ አልገቡም። ጨርቁን በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

«ቀኑ አልፏል አሉኝ። ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር አሉኝ።» ትንፋሽ አጥሯቸው ነበር። «ኢንተላ ኮ፣ ታውቂ ነበር?»

ኢንተላ ኮ ልጄ ማለት ነው።

«አላውቅም ነበር» አልኳቸው።

አዩኝ። ለምን ያህል ጊዜ እንዳዩኝ አላውቅም፤ ለኔ ረዘመብኝ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «ደኅና» ብለው ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ ወተቱን የጎረቤት ልጅ ታመጣልኝ ጀመር። ገበጣ የሚባል ነገር ቀረ። ለባለቤቴ አንድ ነገር ማድረግ ይቻል እንደሆነ ጠየቅኩት፤ መዝገቡ ተዘግቷል አለኝ። ምናልባት እውነቱን ነው። እንዲያጣራ አልወተወትኩትም።

አዮ የሄዱት በጥር ነው። ወንድማቸውና የልጃቸው ባል ሁለት የጭነት ፈረስ ይዘው መጡ። ላሞቹን ከፊት አስቀደሙ። እኔ በአጥሩ ክፍተት አያቸው ነበር። ለመንገድ ይሆናቸዋል ብዬ የጋገርኩትን ዳቦ በነጠላ ጠቅልዬ ይዤ፣ አሁን ልውጣ አሁን ልውጣ ስል፣ መታጠፊያውን አለፉ። ዳቦውን ምን እንዳደረግኩት አላስታውስም።

በተከታዩ ዓመት መሬቱ ላይ ስንዴ ተዘራ። ጎጆአቸው ፈረሰ። የሚያርሰው ቅጥር ሰው ከአጥራችንም ሁለት ክንድ ገፋ፤ ባለቤቴ አቤት አላለም።

አምስት ዓመት ያህል አለፈ። ሁለት ልጆች ወለድኩ። ከዚያ ባለቤቴ ወደ ወለጋ ተዛወረ። የመሄጃችን ቀን ሲቃረብ እንቅልፍ አጣሁ። ከአሰላ ከወጣሁ አዮን እንደማላገኛቸው ገባኝ። ለባለቤቴ ጢቾ የታመመች ወዳጅ ልጠይቅ ነው አልኩትና ልጆቹን ለሠራተኛዋ ትቼ ወጣሁ። እስከ ሳጉሬ በጭነት መኪና፣ ከዚያ በበቅሎ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ጢቾ ገበያ ላይ ከአሰላ የመጡ፣ አዮ የሚሏቸው ሴት ብዬ ጠየቅኩ። ሦስተኛው የጠየቅኩት ሰው ያውቃቸው ነበር። ከገበያው አንድ ሰዓት በእግር ይሆናል። በወንድማቸው ግቢ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ገብስ ይለቅማሉ። ከስተዋል። አንድ ዓይናቸው ላይ ሞራ ነገር ወጥቷል። በድምፄ አወቁኝ።

አስቀመጡኝ። ልጆቼ ስንት እንደሆኑ ጠየቁኝ። የወንድማቸው ሚስት ወተት ልታመጣ ስትነሣ፣ «ዛሬ ዓርብ ነው፣ ጾመኛ ናት» ብለው መለሷትና ቆሎ አስመጡልኝ። ቆሎውን በእጄ ይዤ፣ አንዲትም ሳልቀምስ፣ የመጣሁበትን ተናገርኩ። ያን ጊዜ አውቅ እንደነበር። ከአሥራ አምስቱ ቀን ከመጀመሪያው ጀምሮ አውቅ እንደነበር። በደጄ ላይ ቆመው ሲጠይቁኝ እንደዋሸኋቸው።

አዮ ገብሱን መልቀም አላቆሙም።

«አውቄያለሁ» አሉ። «ያን ቀን ዓይንሽን አይቼ አውቄያለሁ።»

ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። ማልቀስ ጀምሬ ነበር። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ወንድሜ ያን ጊዜ ጥሩ ፈረስ ነበረው» አሉኝ። «ነግረሽኝ መልእክት ብልክለት በሦስተኛው ቀን አሰላ ይደርስ ነበር። ወረቀቱን እሱ ይዞ ይገባ ነበር። አንቺን ማንም አያይሽም ነበር። ስምሽንም ማንም አያነሣም።»

በቁጣ አልተናገሩትም። ለብዙ ጊዜ ያሰቡት ነገር መሆኑ ግን ያስታውቅ ነበር፤ የፈረሱን መንገድ፣ ቀኑን፣ ማን ምን እንደሚይዝ ሁሉ አስልተውታል። እኔ በዚያ አሥራ አምስት ቀን ስለራሴ ፍርሃት እንጂ ስለ መውጫው አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩም ነበር። ወንድማቸውን ስጠይቃቸው እንኳ፣ እሳቸው ገምተው እንዲያውቁልኝ ነበር እንጂ፣ እንዲህ ቢደረግ ብዬ አልነበረም።

«ይቅር» የሚለውን ቃል አልሰጡኝም። አልከለከሉኝምም። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጃቸው፣ ስለ ዓይናቸው አወራን። በቅሎዋ የኪራይ ስለሆነች ከመምሸቱ በፊት ወደ ጢቾ መመለስ ነበረብኝ። ስነሣ በትራቸውን ተደግፈው እስከ በሩ ሸኙኝ።

ወደ ወለጋ ከመሄዴ በፊት አንድ ጊዜ ልጆቼን ይዤ እመለሳለሁ አልኳቸው።

«መንገዱ ሩቅ ነው፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ። «ልጆቹ ይደክማሉ። አትምጪ።»

ጭብጤ ውስጥ የነበረውን ቆሎ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥረውልኝ ተመለሱ። በግንቦት ከአሰላ ወጣን። ከዚያ በኋላ የሞታቸውንም ሆነ የሕይወታቸውን ወሬ የነገረኝ ሰው የለም።